ጠፍሩን የበላው ጅብ

በዚያ ቀን በሐይቁ ዳር የነበርነውን አንድ በአንድ ልጻፍ። ዛሬ በሕይወት መኖራችን በእርግጥ የሚታወቀው እኔና በጀርባዬ የነበረው ልጄ ብቻ ስለሆንን፣ እኛ ካልተናገርን ሌላ የሚናገር የለም።

እኔ ጦይባ፤ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያዘልሁት ልጄ ኑሩ፤ ገና መቆም ያልጀመረ። ሴት ልጄ ረምላ፤ ስድስት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ። የባሌ አጎት አያ ሙሄ፤ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ። እቴ ባንቺአየሁ የምትባል የቆላ ድባ እህል ነጋዴ፤ ክርስቲያን ናት፣ ወደ አገሯ የሚያሻግራት ታንኳ ስትጠብቅ አራት ቀን ቤቴ ያደረች። በምሽጉ ግንብ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚቆም አንድ አስካሪ፣ ጣሊያን ከባዕድ አገር ያመጣው ቅጥር ወታደር፤ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ከሾላው ሥር ደግሞ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ሞተዋል፤ ግን ነበሩ። ጅቦቹ አራት ናቸው። ወይም እኔ ያየሁት አራት ነው።

እኛ የሐይቁ ሰዎች ነን። ወንዶቻችን ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፤ ቀድሞ ጉማሬም ያድኑ ነበር። ቤታችን ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቅ በባሕር ዳር ጫፍ ላይ ነበር። ጣሊያን ሲመጣ ምሽጉን ከኛ በላይ ሠራ፤ ከግንቡ ላይ ሆነው ምን እንደምንበላ ሳይቀር ያዩናል። ባሌ ይማም ለመንገድ ሥራ ተወስዶ ስድስት ወር አልፎታል። ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር።

ከጣሊያን በፊት ጅብን የማውቀው በድምፁ ነው። በጢስ ዓባይ በኩል ባለው ዱር ውስጥ ይኖራል፤ ሲጮህ ከሩቅ እንሰማለን፤ የሚያለቅስ ልጅ ለማስፈራራት እንጠራዋለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። መንገዱ መሠራት ሲጀምር ግን የጭነት በቅሎዎች እየደከሙ በየዳሩ ወድቀው ቀሩ። ጅቡ እነሱን እየበላ መንገዱን ተከትሎ መጣ። ቀጥሎ አርበኛ ደብቃችኋል እየተባለ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከብቱ በጥይት አለቀ፤ ቀባሪ ያጣ ሰው በየማሳው ቀረ። የሰው ሥጋ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተማረ። ካምፑ ደግሞ የሚያርደውን ከብት አንጀትና አጥንት ከምሽጉ ጀርባ ይጥላል።

በመጀመሪያ ሁላችን ከተኛን በኋላ ነበር የሚመጡት። ቀጥሎ ሲመሽ መጡ። ቀጥሎ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ስንቀዳ ከሩቅ ቆመው ያዩን ጀመር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዱ በገበያው ሜዳ መካከል ሲያቋርጥ አየሁት። ሰው ጮኸበት፤ ድንጋይ ተወረወረበት፤ እሱ ግን አልሮጠም። መንገዱ የሱ እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብሎ ሄደ። ከሁሉ ያስፈራኝ አለመሮጡ ነው። እጃችን ላይ ደግሞ አንድ መሣሪያ የለም፤ ካምፑ ጠመንጃ ቀርቶ የጉማሬ ጦራችንን ሳይቀር ሰብስቦ ወስዶታል።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ኩፍኝ ከወሰደብኝ ወዲህ ያሉትን ሁለቱን በቀን አሥር ጊዜ እቆጥር ነበር፤ ሁለት ልጅ መቁጠር ምን ያደርጋል አትበሉኝ። ጅብ ቆዳ እንደሚበላ ስለማውቅ ሲመሽ አጎዛውን፣ ስልቻውን፣ ጫማውን ሁሉ አስገባለሁ፤ በሩን በእሾህ እዘጋለሁ፤ እንደገና ወጥቼ የቀረ ቆዳ እንዳለ አያለሁ። አያ ሙሄ ይስቁብኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ጅቡ ቢረሳን እንኳ አንቺ ልከሽ ታስጠሪዋለሽ» ይሉኛል።

ስድስቱ ሰዎች የተረሸኑት ከዚያ ቀን አምስት ቀን ቀድሞ ነው። ገበሬዎች ናቸው፤ ለአርበኛ እህል አቀበላችሁ ተብለው ነው። እንዳይቀበሩ ትእዛዝ ወጣ፤ የሚቀብራቸው ከጎናቸው ይጋደማል ተባለ። ሾላው እኛ ደንገል ከምናጭድበት ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሻሼን በአፍንጫዬ ላይ ጠቅልዬ፣ የረምላን ዓይን በእጄ ከድኜ አልፍ ነበር። ልጆች አሉኝ፣ የኔ ጉዳይ አይደለም እላለሁ በልቤ። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። እንደዚያ ስለነበር ነው።

ታዲያ ለምን ወጣችሁ ትሉኝ ይሆናል። ካምፑ ለዓርብ አዲስ ታንኳ እንድናስረክብ አዞ ነበር፤ ያላስረከበ ይገረፋል። አያ ሙሄ አንዴ ተገርፈው ለሁለት ሳምንት በሆዳቸው ተኝተዋል። በቤታችን ሌላ ወንድ ስለሌለ እኔ ደንገሉን ልሸከም፣ እቴ ባንቺ እስሩን ልታስር ተነሣን። ልጆቹን ለማን ልተው? ይዣቸው ሄድሁ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሐይቁ ዳር ደረስን። አሮጌዋ ታንኳችን በዛፍ ላይ ተደግፋ ደርቃ ነበር፤ ደንገል ውኃ ከጠጣ ስለሚሰምጥ ሁልጊዜ እንዲያ አቁመን እናደርቀዋለን። አወረድናትና ውኃ ላይ አደረግናት። ከዚያ በጠፍር ከችካሉ ጋር አሰርኋት። ጠፍሩ የጉማሬ ቆዳ ነው። የደንገል ገመድ ውኃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የጉማሬ ጠፍር ግን ዓመታት ይቆያል፤ አባቶቻችንም የሚያስሩት በሱ ነው። ሁለት ጊዜ ቋጥሬ፣ ጎትቼ አረጋገጥሁ። ልጆች ይዞ ወደ ውኃ የሚወጣ የኛ ሰው ታንኳ ሳያዘጋጅ ሥራ አይጀምርም። አደጋ ሲመጣ ልጆቹን በላይዋ አስቀምጦ ጠፍሩ እስኪወጠር ድረስ ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል፤ ዘራፊም ይሁን አውሬ እዚያ አይደርስባቸውም። እኔም ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ እንደዚያ ተገፍቼ ድኛለሁ።

ሥራው ጥሩ ነበር የሄደው። ረምላ ደንገሉን ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ከአጭር ትለያለች። እቴ ባንቺ የምታስረው እስር ሁሉ ይፈታል። አያ ሙሄ ቀና ብለው አይተው፣ «የነጋዴ እጅ ጆንያ መፍታት እንጂ ማሰር መቼ ያውቅና» አሏት። እሷም ቀና ሳትል፣ «አያ ሙሄ፣ እርስዎ ያሰሩት ታንኳ ላይ አንዴ ተሳፍሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውኃ ገብቶብኛል፤ ዝም ያልሁት አክብሬዎ ነው» አለች። ረምላ እስክትንከተከት ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ።

አስካሪው ከግንቡ ላይ ሰላምታ ሰጠን። እስላም ነው፤ ከየት አገር እንደመጣ አናውቅም፤ አማርኛው የተሰባበረ ነበር። አያ ሙሄ ዓሣ ሲሰጡት ይቀመጥና ያወራቸዋል። ከቀናት በፊት ይህን ጅብ ካልተኮስህበት ጠመንጃው ለምንህ ነው ብለው ጠይቀውት ነበር። ያለ ፈቃድ አንድ ጥይት የተኮሰ ሃያ ጅራፍ አለው ብሎ መለሰላቸው። የፈቀዱለት ሰው ላይ መተኮስን ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን ሙቀቱ በረታ። አያ ሙሄ ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ጥቅጥቁ ደንገል ገቡ። ጅብ በቀን ጥላና እርጥብ መሬት ይወዳል። ያ ጅብ ከሾላው ሥር ሲበላ አድሮ፣ ሆዱ እስኪነፋ ጠግቦ፣ ደንገሉ መካከል ጭቃው ላይ ተኝቶ ኖሯል። አያ ሙሄ ረገጡት።

ጩኸታቸውን ሰምቼ ቀና ስል ደንገሉ ሲወዛወዝ አየሁ፤ ከዚያ እየተጎተቱ ወጡ። ማጭድ የያዙበት ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በጅቡ አፍ ውስጥ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው የተሰማኝ። በግራ እጃቸው ዓይኑን ይወጉታል፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይጎትታል። ደሙ ውኃው ላይ ፈሰሰ።

ያን ጊዜ ሦስቱ ከሾላው ሥር ተነሡ። እስከዚያ ድረስ እዚያ እንዳሉ አላየንም፤ ያን ዛፍ ላለማየት ስንል ወደዚያ ዞረን አናውቅም ነበርና። አፋቸው እስከ ጆሯቸው ቀይ ነበር። ረምላ በነሱና በእኔ መካከል፣ ከደንገሉ ክምር አጠገብ ቆማለች። ወደ እኔ ሮጠች። የፊተኛው ቀደማት።

ግራ ጭኗን ያዛት። ሳልደርስ ወደቀች፤ በሆዷ ሣሩ ላይ እየጎተታት ነበር። ሁለቱን እጆቿን ያዝሁ። እኔ ወደዚህ እሱ ወደዚያ ስንስብ ልጄን እገነጥላት ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ግን አልለቀቅሁም። ዓይን ለዓይን ተያየን። የጅብ ዓይን በቅርብ ስታዩት የውሻ ይመስላል፤ ክፋት የለበትም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፌን የሚነሣኝ። ኑሩ በጀርባዬ እየጮኸ ነበር። እቴ ባንቺ እስሩን የምንጠቀጥቅበትን እንጨት አንሥታ አፍንጫው ላይ ደጋግማ መታችው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ለቀቀ። ሲለቅ ግን ባዶ አፉን አልነበረም።

ረምላን አንሥቼ ታንኳዋ ላይ አስተኛኋት። እቴ ባንቺን ግቢ አልኋት፤ ነጠላዋን እየቀደደች ገባች፤ የረምላን ጭን ማሰር ጀመረች። ታንኳዋ ከሁለት ሰው በላይ አትችልም። የምትነዳበትን ረጅም ዘንግ ከውስጧ መዝዤ ወሰድሁ፤ ሌላ መምቻ አልነበረኝምና። ረምላ አላለቀሰችም። «እናቴ፣ አንቺም ነይ» ብቻ አለችኝ።

«እመጣለሁ። ጠፍሩ ይይዛችኋል» አልኋትና ገፋሁ።

ጠፍሩ ተዘርግቶ ተወጠረ፤ ታንኳዋ ከዳር ሃያ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። ያን ሳይ ትንሽ ተንፈስ አልሁ። ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ሆነ። ልጄ ውኃ ላይ ናት።

ወደ አያ ሙሄ ሮጥሁ። ሁለት ሆነውባቸው ነበር፤ አንዱ ክንዳቸውን፣ አንዱ ከጎድናቸው በታች። በዘንጉ የመጀመሪያውን ጀርባ ላይ መታሁት፤ ዞሮ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ጆሮው ሥር ስመታው ለቀቀ፤ ጥቂት ሸሸት ብሎ ቆመ። አያ ሙሄ ጭቃው ላይ ሆነው አዩኝ። ፊታቸው ነጭ ሆኗል፤ ድምፃቸው ግን የሁልጊዜው ነበር።

«ልጅ አዝለሽ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ተዪኝ፤ ወደ ልጆችሽ» አሉኝ።

አልተውኋቸውም። ወደ ግንቡ ቀና ብዬ አስካሪውን ስለ አላህ ተኩስ አልሁት። ጠመንጃውን አቀባብሎ ይዞታል። ወደ ኋላው፣ ወደ ሹማምንቱ ድንኳን ዞሮ አየ። ወደ እኔ አየ። እንደገና ወደ ኋላ አየ።

ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሰው ጥሬ ሲቆረጥም እንደሚሰማው ያለ ነው። ዞርሁ። ረምላን የነከሳት ጅብ ችካሉ አጠገብ ተጋድሞ ነበር። ተጋድሞ፣ ጠፍሩን በሁለት የፊት እግሮቹ ይዞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያኝካል። አይቸኩልም። ቆዳ ነውና ይበላል።

አንባቢዎቼ፣ በየምሽቱ አንዲት የቆዳ ቁራጭ ደጅ እንዳትቀር ሁለት ጊዜ የምወጣ ሴት ነኝ። ያን ቀን ልጄን ያሰርሁት በቆዳ ነው። በቀን ነበርና፣ የአባቶቻችን አስተሳሰር ነበርና፣ ጠፍር ቆዳ መሆኑ አልታየኝም። ታንኳ ማሰሪያ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

አያ ሙሄን ትቼ ሮጥሁ። አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ጠፍሩ ተበጠሰ። ጫፉ እንደ እባብ ውኃው ውስጥ ሲገባ አየሁት። ጅቡ የቀረውን ቁራጭ እየዋጠ ፈቀቅ አለልኝ። ውኃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ወገቤ፣ እስከ ደረቴ። ከዚያ በላይ ብሄድ ኑሩ ይሰምጣል። ዘንጉን ዘረጋሁ። እቴ ባንቺ በሆዷ ተኝታ እጇን ዘረጋች። በጣቷና በዘንጉ ጫፍ መካከል አንድ ክንድ ያህል ቀረ። ነፋሱ ከዳሩ ወደ ሐይቁ ነበር የሚነፍሰው፤ አንዱ ክንድ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ አራት።

«ጦይባ፣ ዘንጉን ወርውሪልን። በእጅ አይቀዘፍም» አለች እቴ ባንቺ።

ልወረውረው አነሣሁት። ያን ጊዜ ከኋላዬ ውኃው ተንቦጫረቀ። ዘወር ስል አያ ሙሄን የለቀቀው ጅብ ውኃው ውስጥ ገብቶ ወደ እኔ ይመጣል፤ አንገቱ ብቻ ነው የሚታየው። ጅብ ጥልቅ ውኃ አይገባም ይባል ነበር። የሚመጣው ወደ ጀርባዬ፣ ወደሚያለቅሰው ልጅ ነው።

ዘንጉን ብወረውር እጄ ባዶ ይቀራል። ይህን ያሰብሁት ይመስለኛል፤ አላሰብሁትም ይሆናል። ብቻ አልወረወርሁትም። «እናቴ» ስትል ሰማኋት። ጀርባዬን ሰጠኋትና ጅቡን መታሁት። ጭንቅላቱ ላይ፣ እንደገና ጭንቅላቱ ላይ፤ ዘንጉን ነከሰው፤ ነጠቅሁት፤ አፉ ውስጥ ሰነቀርሁበት። በጥፍሩ ጭኔን ቧጠጠኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጮኸና ውኃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ጅቡ በጎኑ ተገለበጠ። አስካሪው ተኩሷል። ሁለተኛም ተኮሰ፤ ሦስተኛም። የቀሩት ወደ ሾላው ሸሹ።

ስዞር ታንኳዋ ርቃለች። ያን ጊዜ ዘንጉን በሙሉ ኃይሌ ወረወርሁት። መንገድ ላይ ወደቀና ብቻውን ተንሳፈፈ።

ሌላ ታንኳ አልነበረም፤ አዲሱ ግማሽ እስር ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከማለዳ ወጥተው አልተመለሱም። ወደ መንደር ልሮጥ ስል ወታደሮቹ ተኩሱን ሰምተው ከምሽጉ ወጡ፤ አርበኛ የመጣባቸው መስሏቸዋል። እኔንም፣ ከየቤቱ የወጣውንም ሰው ሰብስበው መሬት ላይ አስቀመጡን። ልጄ ውኃ ላይ ናት፣ እዩዋት፣ ያቻትና አልሁ። አስተርጓሚው ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ወደ ሐይቁ አየ። ነገሩ እስኪመረመር ማንም ውኃ ላይ አይወጣም ተባለ። አስካሪውን ሸሚዙን አስወልቀው በፊታችን ገረፉት። ሃያ አልነበረም፤ ከሃያ አልፏል። እኔ ጀርባውን አላየሁም። ሐይቁን ነበር የማየው። ታንኳዋ ወደ ዘጌ አቅጣጫ እየሄደች ጥቁር ነጥብ ሆነች፤ ከዚያ ነጥቧም ጠፋች።

ያን ሌሊት አልጽፈውም።

አያ ሙሄን ተሸክመን ቤት አስገብተናቸው ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ሞቱ። ወንዶች ጥቂት ስለነበሩ እኛ ሴቶችም ቆፈርን። ተቀብረው ሲያበቃ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ እኔ ዶማውን ይዤ ወደ ሾላው ሄድሁ። ለማንም አልነገርሁም። ነገር ግን ዘወር ስል አራት ሴቶች ተከትለውኝ ነበር። የስድስቱ የቀረው ብዙ አልነበረም። መሬቱ ዝናብ የጠገበ ስለሆነ ቶሎ ተቆፈረ። ሹሙ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከነአስተርጓሚው መጣ። አስተርጓሚው ማን ፈቀደልሽ አለኝ።

«ጅቦቹ» አልሁት።

ምን ብሎ እንደተረጎመለት አላውቅም። ሹሙ የተቆፈረውን አየ፤ አምስታችንን አየ፤ ጭኔ ላይ ያለውን ደም አየ። ከዚያ ዞሮ ሄደ። ድንጋይ ጭነንባቸው ተመለስን። ክርስቲያን ናቸውና ጸሎታቸውን አናውቅም፤ የምናውቀውን አልንላቸው። አስካሪውን በሦስተኛው ቀን በመኪና ወሰዱት፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

በአራተኛው ቀን ታንኳዋ ዘጌ ዳር ላይ ተገኘች ተባለ። መውጣት ሲፈቀድ ሄድሁ። ባዶ ናት። ውስጧ የደረቀ ደምና የእቴ ባንቺ ነጠላ ቅዳጅ ነበር፤ የተበላው ጠፍርም ጫፏ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ቡና የሚያለማ ሽማግሌ አገኘሁ። በማለዳ አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ በጫካው መንገድ ስትመጣ አግኝቷት፣ ቡና ጭኖ ወደ ደንቢያ በሚሻገር ታንኳ ላይ እንዳሳፈራት ነገረኝ።

«ልጅቱ ትናገር ነበር ወይ፣ አባቴ?» አልሁት።

«ውኃ ስጡኝ ስትል ሰምቻታለሁ» አለኝ።

በዚህች ቃል ነው የኖርሁት።

ባሌ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ፤ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ግን ተመለሰ። አብረን ቆላ ድባ ሄድን። የእቴ ባንቺ ቤት ተቃጥሎ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤቶቿ፣ አዎ፣ ጭኗ የቆሰለ ልጅ ይዛ መጥታ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ናት ትል ነበር፤ ልጅቱ ድና እያነከሰች መሄድ ጀምራ ነበር አሉን። መንደሩ ሲቃጠል ግን ሰው ሁሉ ተበተነ። አንዱ ወደ ጎንደር ሄደች አለ፤ አንዱ ወደ መተማ። ሁለቱም ቦታ ሄድን። እቴ ባንቺን አልወቅሳትም። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ ልጄንም ያዳነቻት እሷ ናት።

አሁን ጅብ በከተማችን ዳር የሚኖር ነው። ቆሻሻ በሚጣልበት፣ ቄራው በሚገኝበት ሲዞር ይታያል፤ የዛሬ ልጆች ከጥንት ጀምሮ ከኛ ጋር የኖረ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መቼ እንደመጣና ማን እንዳመጣው አውቃለሁ። አውሬውን አልጠላውም። የጣልንለትን ተከትሎ ነው የመጣ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ከዚያ ቀን በፊት ጥንቃቄ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። በሬን ዘግቼ፣ ዓይኔን ከሾላው መልሼ፣ የራሴን ሁለት ልጆች ከቆጠርሁ የሚያገኘኝ አይመስለኝም ነበር። ስድስቱን ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ብንቀብራቸው ምናልባት ይገድሉን ነበር። ምናልባትም አይገድሉንም። በስድስተኛው ቀን ሲቀበሩ አልገደሉንም። ይህን ሒሳብ ስንት ዓመት አሰላሁት፤ አይወጣልኝም። ፈሪነቴ አልተወኝም፤ ኑሩ አባት ከሆነ በኋላ እንኳ ሲመሽ የት ነህ እለዋለሁ። ነገር ግን ያለ ቀባሪ የቀረ ሰው አለ ሲባል ከሰማሁ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ዶማ ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ፈርቼ የቀረሁበት ቀን የለም።

የዘንጉን ነገር ለባሌ እንኳ የነገርሁት ሊሞት ሲል ነው። እጄን ያዘኝ። ረምላ ግን አይታኛለች፤ ጀርባዬን ስሰጣት አይታለች። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን አይረሳም። በሕይወት ካለች ትታት የሄደች እናት እንዳለቻት ታስብ ይሆናል፤ አልፈልግሽም ብትለኝም እቀበላለሁ።

ስሟ ረምላ ይማም ነው፤ ስሟም ሃይማኖቷም ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ለኔ ግድ የለኝም። ግራ ጭኗ ላይ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ እንደ ጡጫ የጎደጎደ ጠባሳ አለባት፤ ስትሄድ በግራ በኩል ዝቅ ትላለች። ያሳደገቻት ሴት ባንቺአየሁ ትባላለች፤ የቆላ ድባ እህል ነጋዴ ነበረች። ያየ ወይም ወሬዋን የሰማ ሰው ካለ፣ በባሕር ዳር ዓሣ የሚሸጥበት ዳር መጥቶ ጦይባን ቢጠይቅ ያሳዩታል። በሕይወት ካለች የት እንዳለች ንገሩኝ። ከሞተችም የተቀበረችበትን ንገሩኝ።